ዶሪን ካችፖልና ዘጠኙ ቀስተኞች

ዶሪን ካችፖል አርባ ሦስት ዓመት ፖስታ ስታድል ኖራ ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት፣ ቄስ አምብሮዝ ፔል በጓሮ በር መጡ። በእንግሊዟ መንደር በስታቨርፊልድ በፊት ለፊት በር የሚገባ ሰው የለም፤ የፊት በር ለፖሊስና ለሬሳ ሳጥን ነው። ቄሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ። ዶሪን ሻይ ቀዳችላቸው። ባሏ ሌን መስኮቱ ሥር ቆሞ የባሮ ሽንኩርት ችግኝ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ያዛውራል።

«ዶሪን፣ ላስቸግርሽ ነው የመጣሁት» አሉ ቄሱ። «ሻለቃ ሞርሊንግ ለድንጋዩ ሰውዬ የነሐስ ሰሌዳ ሊያሠሩለት ነው።»

የድንጋዩ ሰውዬ ማለት በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በሰሜኑ ግድግዳ በኩል፣ የብረት ልብሱን እንደለበሰ በጀርባው የተኛው የመቃብር ምስል ነው። አፍንጫው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ቀኝ እጁም የለም። በግራ ክንዱ ላይ ጋሻ አለ፤ ጋሻው ላይ ሦስት ወፎች። ወፎቹ ከመፋቃቸው የተነሳ የሰፈሩ ሰው ዳክዬ ነው የሚላቸው። ስሙ የትም አልተጻፈም። ነገር ግን በ1415 ንጉሡን ተከትሎ ፈረንሳይ ዘምቶ፣ አጂንኮርት ላይ እየተዋጋ እንደወደቀ ከልጅ እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቃል። ማን እንደነገራቸው ግን የሚያውቅ የለም።

«ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?» አለች ዶሪን።

ቄሱ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። «‹ሰር ቶማስ ሞርሊንግ፣ የዚህ ርስት ባላባት፣ አጂንኮርት ላይ በጀግንነት የወደቀ።› ሻለቃው የእሱ ዘር ነኝ ይላሉ። ሀገረ ስብከቱ ግን ማስረጃችሁ የታለ ብሎ ጽፎልኛል። ሻለቃው ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉትን የዘር ሐረግ ሥዕል ፎቶ አንስተው ላኩ። እሱንም መለሱት።»

«ጥሩ አድርገዋል» አለ ሌን ከመስኮቱ ሥር። «እኔም ግድግዳዬ ላይ የፈለግሁትን መሳል እችላለሁ።»

«እኔ ሦስት ደብር ነው ያለኝ» አሉ ቄሱ። «ሰሌዳው የሚመረቀው የጦርነቱ ቀን ጥቅምት ሃያ አምስት ላይ ነው። ይኸው ሚያዝያ ሆነ። አንቺ ደግሞ አሁን...»

«ሥራ ፈትቻለሁ» አለች ዶሪን። «ምን ልፈልግ?»

«ማን እንደሆነ። የት እንደሞተ። በቃ ይኸው ነው።»

ዶሪን የአራሽ ልጅ ናት። በአሥራ አራት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ወጣች፤ በአሥራ ሰባቷ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሁሉ ጦር ሜዳ ሲሄዱ፣ ፖስታ ቤቱ ቀይ ብስክሌት ሰጥቶ ቴሌግራም አመላላሽ አደረጋት። በዚያ ጦርነት ለሦስት መንደር አሥራ አንድ የሞት ቴሌግራም አድርሳለች። ብስክሌቷ በመንገድ ስታልፍ መጋረጃዎች ገለጥ እያሉ ይዘጉ ነበር፤ ሰዎች ከውስጥ ሆነው ማን በር ላይ እንደምትወርድ ይጠብቃሉ። ወረቀት ላይ ያለ ስም ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቀችው በዚያን ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደብዳቤ ማደል ቀጠለች። የማይነበብ ጽሑፍ ሲመጣ የፖስታ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ወደ እሷ ያመጡት ነበር። የዶክተር ፔቲትን ጽሑፍ በአውራጃው ውስጥ የሚያነቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ መድኃኒት ቤት ያለችው፣ ሌላዋ ዶሪን።

ማክሰኞ ዕለት በጠዋቱ አውቶቡስ አይፕስዊች ወደሚገኘው የአውራጃው መዝገብ ቤት ሄደች። እዚያ ያገኘቻት ወይዘሪት ቨርኒ የምትባል ቀጭን ወጣት ነበረች፤ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ትፈልገዋለች።

«የሞርሊንግ ቤተሰብ ብራናዎች አሉን» አለች ወይዘሪት ቨርኒ። «ላቲን ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«የጥንት ፈረንሳይኛስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

ወጣቷ በሐዘኔታ አየቻት። «ታዲያ እንዴት አድርገው...»

«ቋንቋውን ባላውቅም» አለች ዶሪን፣ «ስምና አድራሻ ማንበብ አያቅተኝም። ሥራዬ ነው።»

ወይዘሪት ቨርኒ ካመነታች በኋላ አንድ ቡናማ ብራና ፊቷ ዘረጋችላት። ጽሑፉ ልክ ጉንዳን ቀለም ውስጥ ገብቶ የተራመደበት ይመስል ነበር። ዶሪን መነጽሯን አስተካክላ ዝም ብላ አየችው። አሥር ደቂቃ ሆነ። ከዚያ አንዷን ፊደል ለየቻት፤ ዶክተር ፔቲት ሦስት እግር ያላትን ፊደል እንደዚህ ነበር የሚጽፈው፣ ጫፏን ሳይዘጋ። እሷን ይዛ ወደ ቀጣዩዋ ሄደች። ቀጣዩዋ ሌላዋን ሰጠቻት። ድንገት፣ ከዚያ ሁሉ የጉንዳን ኮቴ መካከል፣ አንድ ቃል ቀና ብሎ አያት።

«ስታቨርፊልድ» አለች ጮክ ብላ።

ወይዘሪት ቨርኒ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። «እኔ ያንን ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል» አለች ቀስ ብላ።

 ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ሰው የእሷን መንደር ስም ጽፎ ነበር፤ እሷም አነበበችው። በዚያን ቀን የመመለሻው አውቶቡስ አመለጣት። ሌን በጎረቤት መኪና መጥቶ ወሰዳት፤ መንገዱን ሙሉ ወሬዋን አላቋረጠችም፣ እሱም አላቋረጣትም።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ መዝገብ ቤት፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቄስ ፔል ቤት ላቲን ሆነ። ቄሱ ላቲኑን ወጥ ቤታቸው ውስጥ ድንች እየላጡ ያስተምሯት ነበር። ሌን ጥናቷን ከሩቅ እየሰማ የተወሰኑ ቃላት ለቀመና ባሮ ሽንኩርቶቹን በላቲን ይሰድባቸው ጀመር።

ሰኔ ላይ መንገዱ ቀና ማለት ያዘ። የርስት ክርክር በያዘ ብራና ላይ ሻለቃው የሚኮሩበትን ሰር ቶማስን አገኘችው። ቶማስ ሞርሊንግ ክሬሲ ወደምትባል የፈረንሳይ የጦር ሜዳ የዘመተ ሰው ነው፤ ፈረንሳይ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለቴም በደህና ተመልሷል። የሞተውም በ1371 አልጋው ላይ፣ አርጅቶ ነው። አጂንኮርት ሊደርስ አርባ አራት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

«ታዲያ እንዴት ነው አጂንኮርት ላይ የወደቀው?» አለ ሌን በራት ሰዓት።

«አልወደቀማ።»

«ሻለቃውን ንገሪያቸዋ።»

«ገና ነኝ። የድንጋዩን ሰውዬ አላገኘሁትም።»

ያገኘችው በሐምሌ ነው። ወይዘሪት ቨርኒ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዶሪን ኮቷን ሳታወልቅ ወደ ጠረጴዛዋ ሮጣ መጣች። በእጇ ትንሽ የካርቶን ሣጥን ይዛለች። ውስጡ አንድ የታጠፈ ብራና፣ ከብራናው ሥር ደግሞ በክር የተንጠለጠለ የሰም ማኅተም ነበር። ማኅተሙ ላይ ጋሻ፣ ጋሻው ላይ ሦስት ወፎች አሉ። አልተፋቁም። አናታቸው ላይ ወደ ኋላ የተጠማዘዘች ቁንጮ አለቻቸው።

«ዳክዬ አይደሉም» አለች ዶሪን።

«ቁንጮ ያለው ዳክዬ እኔም አላውቅም» አለች ወይዘሪት ቨርኒ። «ያንብቡት።»

ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው አነበቡት፤ ዶሪን ፊደሉን፣ ወይዘሪት ቨርኒ ትርጉሙን። ዘመኑ 1421 ነው። የጻፈችው አሊስ የምትባል ሴት ናት፤ የሰር ዊልያም ሞርሊንግ ሚስት የነበረች። ስታቨርፊልድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በሰሜን በኩል ከቅድስት ማርጋሬት መሠዊያ ፊት ለተኛው ለባሏ ለዊልያም ነፍስ ሻማ እንዲበራ ታዛለች። ዶሪን እጇን አፏ ላይ ጫነች። በርስት ክርክሩ ላይ ስሙን ያየችው የቶማስ የልጅ ልጅ፣ ዊልያም። ስሙ ይኸው፤ ቦታው ይኸው።

«ገና አላለቀም» አለች ወይዘሪት ቨርኒ። «እዚህ ጋ ሌላ ነገር አለ። ‹የሮበርት ፓስክ ሚስት ለነበረችው ለጆአን፣ ዕድሜዋን ሙሉ የምትኖርበት ቤትና ጓሮ እንዲሰጣት ጌታዬ ተናዟልና ሰጥቻታለሁ፤ ሮበርት...›» ጣቷን ብራናው ላይ ሳታሳርፍ ቃሉን ተከተለችው። «‹...ጌታዬ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሮበርት ከንጉሡ ጦር ጋር ወደ ፊት ስለ ሄደ።›»

ዶሪን ቀና አለች። «ተመለሰ? ከየት ነው የተመለሰው?»

«አይልም።»

«ጦሩ ወደ ፊት ሲሄድ እሱ ተመለሰ ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

ያን ቀን ዶሪን ከአውቶቡሱ እንደወረደች ቤቷ አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ የእጅ ባትሪዋን ከጋሻው ጎን አስጠግታ አበራች። መብራቱ በአግድም ሲያልፍ ድንጋዩ ላይ ጥላ ወጣ። ከመካከለኛው ወፍ አናት ላይ፣ እንደ ጥፍር ቀጭን የሆነች የተጠማዘዘች መስመር አየች። የአበባ ማስቀመጫ ልታጥብ የመጣች ሴት መሬት ላይ ተዘርግታ ስታያት ወድቃ መስሏት ደነገጠች።

«ዶሪን፣ ምን ሆንሽ?»

«ቁንጮ አላት» አለች ዶሪን ሳትነሳ። «ነይ እይ፣ ቁንጮ አላት።»

የንጉሡ የጦር መዝገቦች ያሉት ለንደን ነው። ወይዘሪት ቨርኒ የሚፈለጉትን ጥቅሎች ቁጥር ጽፋ ሰጠቻት። ዶሪን በመስከረም ወር በሳምንት ሁለት ቀን ባቡር ተሳፍራ፣ ዳቦዋን ከአይብ ጋር ጠቅልላ፣ ክብ ጣሪያ ያለው የንባብ አዳራሽ ውስጥ ከፕሮፌሰሮች መካከል መቀመጥ ጀመረች። የመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ዕለት፣ ከጦሩ የስም ጥሪ ጥቅሎች በአንዱ ላይ፣ ሰር ዊልያም ሞርሊንግን አገኘችው። ከሁለት ጋሻ ጃግሬዎችና ከዘጠኝ ቀስተኞች ጋር ነበር ወደ መርከብ የገባው። ቀስተኞቹ በየስማቸው ተጽፈዋል፤ ሮበርት ፓስክ፣ ጆን ጋሮድ፣ ዋልተር ሰርክል፣ ሁለት ወንድማማቾች ሳይመንና ኒኮላስ ሪቭ፣ አዳም ካችፖል...

ካችፖል ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። የባሏ ስም ነው። ፓስክ ደግሞ የመንደሩን መጠጥ ቤት የያዘው ሰው ስም ነው። ጋሮድ የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወለሉ ላይ ተኝታ አይታት የደነገጠችው ሴት ናት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ፣ ፖስታ ታድልባቸው የነበሩትን በሮች በዓይነ ኅሊናዋ አንድ በአንድ እያለፈች ነበር።

ሌላው ጥቅል የመጣላት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ንጉሡ ሃርፍሌር የምትባለውን የወደብ ከተማ ከብቦ በያዘ ጊዜ፣ ረግረጉና የተበላሸው ምግብ ጦሩን በተቅማጥ አጭዶት ነበር። የታመሙት ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ፈቃድ ተሰጣቸው፤ ስማቸውም ተመዘገበ። የቀሩት ናቸው ወደ አጂንኮርት የሄዱት። ዶሪን የሕሙማኑን ዝርዝር ከላይ ጀምራ ወረደች። ስም በስም፣ መቶ፣ ሁለት መቶ። ዓይኗ ውኃ አዘለ። ከቀትር በኋላ፣ በጥቅሉ መጨረሻ አካባቢ፣ አየችው። ዊልያም ሞርሊንግ፣ ባላባት። ከሥሩ ደግሞ አዳም ካችፖል፣ ቀስተኛ።

ሳቅ አመለጣት። ጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አያት። ይቅርታ ልትለው አስባ እንደገና ሳቀችና አዳራሹን ለቅቃ ወጣች፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣም አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች እሷም በደንብ አላወቀችውም። ሰውየውን አምስት ወር ስትከተለው ቆይታ፣ አሁን ሆዱን ይዞ በመርከብ ጠርዝ ላይ ተጎንብሶ አየችው።

ማታ ለሌን ነገረችው። ሌን ሹካውን አስቀመጠ።

«ቆይ፣ የመንደሩ ጀግና በተቅማጥ ነው የተመለሰው?»

«አዎ።»

«የእኛው ካችፖልም?»

«እሱም።»

«ጌታውን ሊያጅብ ይሆናላ» አለ ሌን። ቀጥሎም ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እስቲ ይህንን ለፐርሲ ፓስክ እኔ ልንገረው። ዓመቱን ሙሉ አያስቀምጠኝም፤ ግን ዋጋ አለው።»

«የእኛ ዘር ስለ መሆኑ ማስረጃ የለኝም፣ ሌን። ስም መመሳሰል ብቻ ነው።»

«ሆዴን አታውቂውም?» አለ ሌን። «ዘራችን ነው።»

የቀረው ከሁሉም የከበደው ነበር። ዊልያም ከሃርፍሌር በተመለሰ በአምስተኛው ዓመት ሲሞት የተደረገው የርስት ምርመራ ወራሹን ይናገራል፤ ማርጄሪ የምትባል የስድስት ዓመት ሴት ልጅ። ወንድ ልጅ የለም፤ ወንድምም የለም። ማርጄሪ አድጋ ወደ ሌላ አውራጃ ስታገባ የስታቨርፊልድ ሞርሊንጎች ስም እዚያ ላይ ተቋጨ። የአሁኑ ሻለቃ ከእነሱ ሊወለዱ የሚችሉበት መንገድ የለም።

«እኔ ልንገራቸው?» አሉ ቄስ ፔል። «የእኔ ሥራ ነው መሰለኝ።»

«የለም» አለች ዶሪን። «እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሁልጊዜ በእጄ ነው የማደርሰው።»

ሻለቃ ሩፐርት ሞርሊንግ ረጅም፣ ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ነበሩ። ትልቁን ግቢ ከገዙ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የገዙትም የጥንት ሞርሊንጎች ግቢ ነው ስለተባለ ነው። እሳት ምድጃው አጠገብ አስቀመጧት። ከምድጃው በላይ ያ የታወቀው የዘር ሐረግ በወርቅ ቀለም ተስሎ ተሰቅሏል። ዶሪን ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። በመጀመሪያ ቶማስን፣ ቀጥሎ ዊልያምን፣ በመጨረሻም ማርጄሪን ነገረቻቸው። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችላቸው።

ሻለቃው ቅጂዎቹን አገላበጡ። ከዚያ ቀና ብለው ሥዕሉን አዩት።

«ይህንን የሣለው የለንደን ሰው በሦስት ሳምንት ነው የጨረሰው» አሉ። «እርስዎ ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?»

«ስድስት ወር ሊሆን ነው።»

«መጠርጠር ነበረብኝ።» ወደ ወረቀቶቹ ተመለሱ። «ይህ ዊልያም... ሕመሙ ምን ነበር?»

«የሆድ ነው። ብዙዎቹን የገደለው እሱ ነው፤ ከጦርነቱ ይልቅ።»

«ሰዎቹስ? ቀስተኞቹ?»

«አንዱ አብሮት ተመለሰ። ስምንቱ ወደ ፊት ሄዱ።»

«ያለ እሱ።»

«አዎ፣ ያለ እሱ።»

ሻለቃው ተነስተው መስኮቱ አጠገብ ቆሙ። ሲናገሩ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነበር።

«በ1942፣ ግብፅ በረሃ ውስጥ፣ የወፍ በሽታ ያዘኝ። ዓይኔ ቢጫ ሆነ፤ መቆም አቃተኝ። ሐኪሙ ካይሮ ሆስፒታል ላከኝ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የእኔ ሻምበል ጦር ኤል አላሜን ላይ ውጊያ ገባ። መቶ አሥር ሰው ነበረኝ። በእግሩ ቆሞ የተገኘው ስልሳ ዘጠኝ ነው።» አሁንም ወደ እሷ አልዞሩም። «በየዓመቱ የዘማቾች ራት ላይ አንድ ሰው ‹ሻለቃ፣ አላሜን ነበሩ አይደል?› ይለኛል። እኔ መልስ አልሰጥም፤ ብርጭቆዬን ነው የማነሳው። አርባ አንድ ዓመት ሆነኝ ብርጭቆ ሳነሳ።»

 ዶሪን ቴሌግራም ስታደርስ የተማረችው ነገር ቢኖር ሰውየው እስኪጨርስ አለመሄድ ነው። ስለዚህ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ዊልያም ለአንዱ ቀስተኛ ሚስት ቤት ሰጣት አሉኝ?» አሉ ሻለቃው ዘወር ብለው።

«ተናዞ ነው የሞተው። ለጆአን ፓስክ።»

«ስለዚህ አልረሳቸውም።»

«አልረሳቸውም።»

«የስምንቱን ስም አለዎት?»

ዶሪን ደብተሯን ከፍታ አነበበችላቸው። ሻለቃው እያንዳንዱን ስም በዝግታ ከእሷ ኋላ ደገሙት፤ ስም ጥሪ ላይ እንዳለ መኮንን። ሲጨርሱ ሰሌዳው ይቀየር አሉ። ዶሪን አባቶቼ ስላልሆኑ ልተወው ይሉ እንደሆነ ፈርታ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊታቸው ቀልቶ፣ እጃቸውን እያፋተጉ፣ ነሐሱ ላይ ስንት መስመር እንደሚገባ ይቆጥሩ ጀመር።

«አዳም ካችፖልም ይግባ» አሉ። «የታመመ ሰው ከስም ዝርዝር አይወጣም።»

ሀገረ ስብከቱ በዚህ ጊዜ ፈቃዱን በአራት ቀን ላከ። ጥቅምት ሃያ አምስት ማክሰኞ ዋለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ለገና እንኳ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ከሠርጉ ቀን ወዲህ ደጁን ያልረገጠው ፐርሲ ፓስክ ከሚስቱ ከቤሪል ጋር የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ወይዘሪት ቨርኒ ከአይፕስዊች ማኅተሙን በፎቶ አንስታ አምጥታለች። ሻለቃው መቃብሩ ጎን ቆመው በመጀመሪያ ስለ ዊልያም ተናገሩ፤ ታሞ እንደተመለሰ፣ ሰዎቹ ያለ እሱ እንደሄዱ፣ ዕድሜውን ሙሉ እንዳሰባቸው። ቀጥለው፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ስለ ካይሮው ሆስፒታል በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።  ከዚያ ዘጠኙን ስም ጠሩ። «ሮበርት ፓስክ» ሲሉ ፐርሲ ሳያስበው ብድግ አለ፤ መቆሙን ሲያውቅም መልሶ መቀመጥ አፍሮ እስከ መጨረሻው ቆሞ ቀረ።

በር ላይ ሲወጡ ፐርሲ ዶሪንን እጇን ያዛት። «ፓስክ ወደ ፊት ነው የሄደው፣ ካችፖል ግን...»

«ፐርሲ፣ ዘርህ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት የለኝም።»

«ወረቀቱን ያዢው» አለ ፐርሲ። «ደሜን እኔ አውቀዋለሁ።»

ያን ክረምት ሮበርት ፓስክ መጠጥ ቤቱ ውስጥ በየወሩ በሌላ አሟሟት ይሞት ነበር። በኅዳር ከባንዲራ ሥር ወድቆ ነበር። በታኅሣሥ የንጉሡን ፈረስ ይዞ ነው የወደቀው። በጥር መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ራሱ አልቅሶለታል። ሌን በየቀኑ እየሄደ ያዳምጥና አዳም ካችፖል ምን ያህል አስተዋይ ሰው እንደነበረ ይናገራል።

ዶሪን ግን ወደ ለንደኑ አዳራሽ መሄዷን አላቆመችም ነበር። ስምንቱ የት እንደደረሱ ማወቅ ፈለገች። በጥር ሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠባብ ጥቅል አመጡላት፤ ሃርፍሌር ከተያዘች በኋላ ምሽጓን ይጠብቅ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የስም ዝርዝር ነው። ዘመኑ 1424። ከላይ ወረደች። ሃያኛው ስም ላይ ስትደርስ ቆመች። እንደገና አነበበችው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ ደረጃውን እየዘለለች ወርዳ መንገድ ዳር ያለው የስልክ ሣጥን ውስጥ ገባች።

«መጠጥ ቤት» አለ የፐርሲ ድምፅ።

«ፐርሲ፣ ዶሪን ነኝ። ሮበርት አልሞተም።»

«የትኛው ሮበርት?»

«ያንተው ነዋ። ከአጂንኮርት ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሃርፍሌር ምሽግ ውስጥ ቀስተኛ ነው። ስሙን በዓይኔ አየሁት።»

 «ዘጠኝ ዓመት?» አለ ፐርሲ። ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ ሲጮህ ሰማችው። «ቤሪል፣ ነይ ወዲህ።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ መጠጥ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ጠፋ። ሻለቃው ቆመው ዶሪን በእጇ የገለበጠችውን ወረቀት ከመነጽራቸው አስጠግተው ያነባሉ። ሌን ደስታው ልኩን አልፎ ቢራውን መጠጣት ረስቷል።

«እንግዲህ እንነጋገር» አለ ሌን። «ጌትየው በ1421 ለመበለቲቱ ቤት ሰጣት። የመበለቲቱ ባል እዚያ ማዶ በ1424 ደመወዝ ይቀበላል። ይሄ ምን ይባላል፣ ፐርሲ?»

«መመለሻ መርከብ አጥቶ ይሆናል» አለ ፐርሲ።

«ዘጠኝ ዓመት?» አለች ቤሪል። ቤሪል ሰፊ፣ ቀይ፣ ድምፀ ጉልህ ሴት ናት፤ የያዘችውን ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መርከብ አጣ? ወደቡ ላይ እኮ ነው ያለው።»

«ወታደር ያለ ፈቃድ አይመለስም፣ ወይዘሮ ፓስክ» አሉ ሻለቃው ረጋ ብለው። «ተይዞም ሊሆን ይችላል፤ ምርኮኛ ሆኖ ኋላ የተለቀቀ።»

«መልእክት መላክስ?»

«መጻፍ አይችልም ነበር።»

«የሚችል ሰው ይለምናላ» አለች ቤሪል። «እኔን የከነከነኝ የጆአን ነገር ነው። ሞተ ብላ አለቀሰች፣ ጥቁር ለበሰች፣ ልጆቹን ብቻዋን አሳደገች። እሱ እዚያ ማዶ ምን ይሠራል?»

«ሌላ ሮበርት ፓስክም ሊሆን ይችላል» አለች ዶሪን። ይህንን ከልቧ ነው ያለችው፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ደስታ መደበቅ አቅቷት ነበር። «የአጎቱ ልጅ፣ ወይም ልጁ አድጎ አባቱን ፍለጋ ሄዶ። ስሙ ብቻ ነው ያለኝ።»

«ልጁ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው» አለ ፐርሲ ተስፋ አግኝቶ።

«እንዴት ነው የሚታወቀው?» አለች ቤሪል።

«ምሽጉ በየሦስት ወሩ ስም ይጠራ ነበር። ከ1416 ጀምሮ ያሉትን ጥቅሎች አንድ በአንድ ማየት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ካለ ራሱ ነው። ኋላ ላይ ብቅ ካለ ልጁ ሊሆን ይችላል።»

«ስንት ጥቅል ይሆናል?»

«ብዙ ነው። ብቻዬን ከሆንኩ ፀደይ ይገባል።»

ቤሪል ሽርጧን ከወገቧ ፈትታ ለባሏ ወረወረችለት። «ዓርብ መጠጥ ቤቱን አንተ ትይዘዋለህ» አለችው። ወደ ዶሪን ዞረች። «እነዚያን ፊደሎች ለመልመድ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«መጥፎ ጽሑፍ አንብበሽ ታውቂያለሽ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት የፐርሲን የዕቃ ዝርዝር ሳነብ ነው የኖርኩት።»

«እንግዲያው» አለች ዶሪን፣ ከቦርሳዋ እርሳስና ደብተር እያወጣች፣ «ነይ ተቀመጪ፤ ከስሙ እንጀምር።»